የመርከብ መሣሪያዎች መያያዝና የነጋዴው ጥቅም

የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በአብዛኛው የባሕር ንግድ ነው። ቡናውና ሰሊጡ ወደ ውጭ ሲላክ፣ ብረቱ፣ ጨርቁ፣ ማዳበሪያውና የመኪናው መለዋወጫ ወደ አገር ሲገባ፣ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል በመርከብ ተጭኖ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ነጋዴውም ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ዋጋውን፣ የማጓጓዣውን ኪራይና መርከቡ የሚደርስበትን ቀን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን መርከቡ መንገዱን በምን እንደሚያውቅ፣ መንገድ የሚያሳዩትም መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተያያዙ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ የመርከበኞች ጉዳይ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚለው አስተያየት ዋጋው ከፍ ያለ ስሕተት ነው።

በቀድሞው ጊዜ በመርከብ ላይ ያሉት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይሠሩ ነበር። ኮምፓሱ አቅጣጫን፣ የጥልቀት መለኪያው ከመርከቡ በታች ያለውን ውሃ፣ ራዳሩ በዙሪያው ያለውን መርከብና የየብስ ዳርቻ ያሳይ ነበር፤ የሁሉንም ቃል አስተያይቶ በካርታ ላይ የሚያሰፍረው ግን ተረኛው መኰንን ነበረ። ዛሬ መሣሪያዎቹ በሽቦ ተያይዘው ራሳቸው ይነጋገራሉ። የመርከቡን ቦታ ከሳተላይት የሚቀበለው ጂ.ፒ.ኤስ. ያገኘውን ለኤሌክትሮኒክ ካርታው፣ ለራዳሩ፣ መሪውን በራሱ ለሚያዞረው አውቶፓይለት፣ እንዲሁም የመርከቡን ስምና ቦታ ለሌሎች መርከቦች ለሚያሰራጨው ኤ.አይ.ኤስ. ይሰጣል።

ለዚህ ንግግር የጋራ ቋንቋ አስፈለገ። በ1957 በአሜሪካ የተቋቋመው ብሔራዊ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1983 ኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 0183 የተባለውን ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ አንዱ መሣሪያ ይናገራል፣ ብዙዎቹ ያዳምጣሉ፤ የመደበኛው መስመር ፍጥነትም በሰከንድ 4,800 ቢት ነው። ቀጥሎም በተለይ ለጀልባዎችና ለአነስተኛ መርከቦች የሚያገለግለው ኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 2000 መጣ። ይህኛው አስቀድሞ ለአውቶሞቢል በተፈለሰፈ ዘዴ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ አንድ ዋና ገመድ ተዘርግቶ መሣሪያዎቹ ሁሉ በየመገጣጠሚያው ይያያዙበታል፤ በሰከንድም 250,000 ቢት ያስተላልፋል።

የዚህ ጥቅም ለነጋዴ ሊሰወር አይችልም። ሚዛንና መስፈሪያ በአገር ሁሉ አንድ ሲሆን ገበያው እንደሚቃና፣ እንዲሁ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የተገዙ መሣሪያዎች በአንድ ደንብ ሲነጋገሩ ገዢው የአንድ ፋብሪካ እስረኛ ከመሆን ይድናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ የተያያዙት መሣሪያዎች አንዱ ብቻውን የማይችለውን ይሠራሉ። የሆነ ሆኖ፣ ሽቦው እውነትን እንደሚያደርስ ሁሉ ስሕተትንም በዚያው ፍጥነት ያደርሳል።

ለዚህም ሮያል ማጀስቲ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ምስክር ናት። ይህች መርከብ በጁን 9 ቀን 1995 ከቤርሙዳ ተነሥታ ወደ ቦስተን ስትጓዝ፣ ገና አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሄደች የጂ.ፒ.ኤስ. አንቴናው ሽቦ ከመጋጠሚያው ተላቀቀ። መሣሪያው ከሳተላይት የሚሰማው ባጣ ጊዜ ቦታውን በአቅጣጫና በፍጥነት ብቻ እየገመተ መስጠት ጀመረ። ቁጥሩ አስተማማኝ አለመሆኑን የሚገልጽ ምልክትም አብሮ ይልክ ነበር፤ ነገር ግን ተቀባዩ አውቶፓይለት ያን ምልክት እንዲያነብ ሆኖ አልተሠራም። ስለዚህ ግምቱን እንደ እውነት ይዞ መርከቢቱን መራ። በዚህ ሁኔታ 34 ሰዓት ያህል ከተጓዘች በኋላ፣ ከመንገዷ 17 ማይል ርቃ በናንታኬት ደሴት አጠገብ በአሸዋ ላይ ተቀመጠች። በውስጧ ከ1,500 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በመርከቢቱ ላይ ሎራን የሚባል ሌላ የቦታ ማወቂያ በትክክል ይሠራ ነበር፤ መኰንኖቹ ግን ሁለቱን አላስተያዩም። የጥልቀት መለኪያው ማስጠንቀቂያም ዜሮ ላይ ተደርጎ ስለ ነበር አልጮኸም።

እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ሽቦ መላቀቅ ብቻ አይደለም። ሽቦ በጨውና በንዝረት በየጊዜው ይላቀቃል። ትልቁ ጥፋት መሣሪያው ቁጥሩን ለጎረቤቱ ሲያስተላልፍ ጥርጣሬውን አብሮ አለማድረሱ ነው። ይህን ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል፤ የመጋዘን ጸሓፊ ሳይቈጥር በግምት የጻፈውን ሒሳብ፣ ግምት መሆኑ ሳይነገር ዋናው መዝገብ ቢቀበለው፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚገኘው ጉድለት ምን ያህል እንደሚሆን ያውቃልና።

ነገሩ የሩቅ ባሕርና የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል፣ በሜይ 2025 ኤም.ኤስ.ሲ. አንቶኒያ የተባለው የኮንቴይነር መርከብ በቀይ ባሕር በጅዳ አቅራቢያ መሬት ነክቶ መቆሙን ማስታወስ ይበቃል። የሳተላይቱ ምልክት ሆን ተብሎ ታውኮ ሳይሆን እንደማይቀር በጊዜው በሰፊው ተነግሯል። ቀይ ባሕር ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚወስድ መንገድ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የሕጉን አቋም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1924 በብሩክሴል የተፈረመው የመርከብ ጭነት ሰነድ ስምምነት፣ ካፒቴኑ በመርከብ አመራር ለሚሠራው ስሕተት ባለመርከቡ ለጭነቱ ኀላፊ እንዳይሆን ያደርገዋል። ከዚህም በላይ ጄኔራል አቨሬጅ የሚባለው የጋራ ኪሣራ ደንብ አለ። መርከብና ጭነት ከአንድ አደጋ እንዲድኑ የወጣው ወጪ በባለመርከቡና በባለጭነቶቹ መካከል በንብረታቸው ዋጋ ልክ ይከፋፈላል፤ በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግም ይህንኑ ይዟል። በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ጥቂት ካርቶን ብቻ ያለው ባለሱቅ እንኳ፣ ዕቃው ምንም ሳይነካ፣ ድርሻውን ለመክፈል ዋስትና እስኪሰጥ ድረስ ዕቃውን ላያገኝ ይችላል።

ሆኖም ሕጉ ባለጭነቱን ያለ መከላከያ አልተወውም። ባለመርከቡ ከጉዞ በፊት መርከቡን ለባሕር ብቁ ለማድረግ ተገቢውን ትጋት ሁሉ ማድረግ ግዴታው ነው። ሲ.ኤም.ኤ. ሲ.ጂ.ኤም. ሊብራ የተባለው መርከብ በ2011 ከቻይናው የሺያሜን ወደብ ሲወጣ መሬት ነካ፤ ባለመርከቡም የጋራ ኪሣራውን ድርሻ ሲጠይቅ አንዳንድ ባለጭነቶች አንከፍልም አሉ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2021፣ የጉዞው ዕቅድና ካርታው ከመነሻው ጉድለት ስለ ነበረባቸው መርከቡ ለባሕር ብቁ አልነበረም ብሎ ለባለጭነቶቹ ፈረደ። ዕቅድና ካርታ እንዲህ ከተመረመሩ፣ መነሻው ላይ በተበላሸ አያያዝ የተገጠሙ መሣሪያዎችም ከዚህ ዐይነት ምርመራ የሚያመልጡበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል። አንደኛ፣ ማንኛውም አስመጪ፣ ጭነቱ ትንሽም ቢሆን፣ ያለ ባሕር ኢንሹራንስ ዕቃ አይጫን፤ ከለንደን ውሎች ዝቅተኛው፣ ሲ የተባለው እንኳ፣ የጋራ ኪሣራን ድርሻ ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ እህል ወይም ማዳበሪያ ለማምጣት መርከብ በሙሉ የሚከራይ ድርጅት፣ መርከቡ ከጂ.ፒ.ኤስ. ሌላ ቦታውን በምን እንደሚያረጋግጥ፣ የመሣሪያዎቹም ግንኙነት መቼ እንደ ተመረመረ በጽሑፍ ይጠይቅ። ጥያቄው ምንም ዋጋ አይጠይቅም፤ የመልሱ መዘግየት ግን ራሱ መልስ ነው። ሦስተኛ፣ ለሐይቅ ጀልባም ሆነ ለሌላ ሥራ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ሣጥኑን ብቻ ሸጦ ገዢውን አያሰናብት። በኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 2000 ዋና ገመድ ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም መዝጊያ ሊገጠም ግድ ነው፤ ይህ ትንሽ ዕቃ ሲጎድል ግንኙነቱ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቋረጣል፤ ገዢውም ደኅናውን መሣሪያ ብልሹ ነው ብሎ ይመልሰዋል። መዝጊያውንና ተስማሚውን ገመድ አብሮ የሚሸጥ፣ አያያዙንም የሚያስረዳ ነጋዴ ግን ደንበኛውን አያጣም።

ይህ ሁሉ ወጪ ያበዛል የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና፣ ሁለተኛ ምስክር መጠየቅ የንግድ ሥራ የቆየ ልማድ ነው። ያለ ሁለተኛ ፊርማ ገንዘብ የማያወጣ ነጋዴ፣ ሀብቱን ሁሉ የተሸከመው መርከብ በአንድ ሽቦ ቃል ብቻ ሲሄድ ዝም ብሎ ሊያይ አይገባውም።