የእጅ አንጓ ስብራት፦ የሽቦው ዋጋ ካምባ ሲደርስ
ከቦታው የተናጋን የእጅ አንጓ ስብራት በሽቦ መጠገን ይሻላል ወይስ በፕሌት? በዩናይትድ ኪንግደም 461 ታካሚዎችን አሳትፎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አጥንቱ ሳይከፈት ወደ ቦታው መመለስ ከቻለ፣ ከ12 ወራት በኋላ በእጅ አገልግሎት ረገድ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ በወጪ ግን ሽቦው ይረክሳል።

ይህ ስሌት ካምባ ሲደርስ መልኩን ይለውጣል። ጫፉ ከቆዳ ውጭ የሚቀረው ሽቦ እንዳያመረቅዝ ክትትል ይሻል፤ ከሳምንታት በኋላም መነቀል አለበት። ለዚህ ሲባል ከደጋው ወደ አርባ ምንጭ የሚደረገው ምልልስ የታካሚው ዕዳ ነው።

በእኔ አስተያየት መፍትሔው ውዱን ፕሌት መምረጥ ሳይሆን፣ የወረዳውን የጤና ባለሙያዎች ሽቦ በመንቀልና ቁስል በመከታተል ማሠልጠን ነው። ቀጣዩ የአካባቢያችን ጥናትም ውጤቱን በራጅ ብቻ ሳይሆን፣ ሸማኔው ወደ ሽመናው፣ እንሰት ፋቂዋም ወደ ሥራዋ በስንት ቀን እንደተመለሱ ሊለካ ይገባል።