ትንሽ የጋዝ ማመንጫ ምን ትረባለች?

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉም 5,150 ሜጋዋት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ግድብ ላላት አገር 50 ወይም 100 ሜጋዋት የምትሰጥ ትንሽ የጋዝ ማመንጫ ምን ትረባለች የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን እጅግ ታስፈልጋለች ባይ ነኝ።

እንደሚታወቀው ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው ከውሃ የሚገኝ ነው፤ ውሃውም ዝናብን ይጠብቃል። የደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ተመረቀ። ነገር ግን በማግሥቱ ወር፣ በግንቦት፣ የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ስለ ጎደለ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆነ። ፋብሪካ ቢሠራ መብራት ካጣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይውላል፤ ወፍጮ ይቆማል፤ ተማሪም ለፈተና በኩራዝ ያጠናል።

የጋዝ ማመንጫ አሠራር ይህ ነው፤ የታመቀ አየር ከጋዝ ጋር ይነድና የጋለው አየር ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን ያዞራል። እንዲህ ያለችው ማመንጫ ዝናብ አትጠብቅም፤ በተፈለገች ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ትነሣለች። ቀድሞ በቃሊቲ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በድሬዳዋ የተተከሉት ተጠባባቂ ጣቢያዎች በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው፤ ናፍጣ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ጋዝ ግን በኦጋዴን፣ በካሉብ፣ በራሳችን ምድር ውስጥ አለ፤ የምርቱም የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል።

«ጋዝ ያልቃል፤ ጢስም አለው» የሚሉኝ እውነት አላቸው። ጢሱ ከድንጋይ ከሰል ቢያንስም ምድርን ማሞቁ አይቀርም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ትሥራ አልልም፤ ግድቡ ሲሞላ ትረፍ፣ ሲጎድል ትነሣ እላለሁ። «ሥራ ፈትታ ለምትቀመጥ ማመንጫ ለምን ገንዘብ ይወጣል?» ለሚለኝም የአንኮበርን ደጋ ገበሬ አሳየዋለሁ። እርሱ ክረምቱን ብቻ አያምንም፤ በበልግም ገብስ ይዘራል፤ የተረፈውንም በጎተራ ያኖራል። ጎተራው ሳይነካ ዓመቱ ቢያልፍ ደስ ይለዋል እንጂ ድካሜ ከንቱ ቀረ አይልም።

እርግጥ አንዲት ትንሽ ማመንጫ አገሩን ሁሉ አታበራም። ነገር ግን ድርቅ በመጣ ጊዜ ሐኪም ቤቱና የመጠጥ ውሃው ፓምፕ እንዳይቆሙ ታደርጋለች፤ የፈረቃውንም ሰዓት ታሳጥራለች። እንግዲህ በትልቁ ግድብ እየኮራን፣ ውሃው ገና ሳይጎድል ለትንሿም ማመንጫ ቦታ እናዘጋጅላት።