የልማት ባንክ ሶፍትዌርና የአርሶ አደሩ ወቅት

የ“ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” ስትራቴጂ ከተነደፈ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ለመሸጋገር እየተጣደፉ ነው። አንድ ባንክ አዲስ ሥርዓት ሲያስገባ ግን ወሬው ብዙ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት አያልፍም፤ የጨረታና የባለሙያ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ልማት ባንክ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይለያል። ባንኩ የሚያበድረው ለእርሻ፣ ለግብርና ምርት ማቀነባበሪያና ለአምራች ኢንዱስትሪ በመሆኑ የቢሮው ፍጥነትም ሆነ ዝግመት ውሎ አድሮ ማሳ ላይ ይታያል።

በዚህ ረገድ ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሳው “ኢአርፒ” የሚባለው የተቀናጀ የድርጅት ሀብት አስተዳደር ሥርዓት ነው። ባንኮች የደንበኛን ሒሳብ፣ ብድርና ወለድ የሚያንቀሳቅሱበት “ኮር ባንኪንግ” የተባለ ሥርዓት አላቸው። ኢአርፒ ደግሞ ግዥን፣ ንብረትን፣ በጀትን፣ የሰው ኃይልንና የፕሮጀክት ክትትልን በአንድ የመረጃ ቋት ያገናኛል። ሁለቱ በአግባቡ ሲጣመሩ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን መዝገብ መያዙና አንድን ደንበኛ አምስት ቦታ መመዝገቡ ይቀራል።

ጥቅሙን ለመረዳት የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ኢንተርፕራይዞች የሚሰጠውን የሊዝ ፋይናንስ ማየት ይበቃል። በዚህ አሠራር ተበዳሪው ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ከማሽኑ ዋጋ 20 በመቶውን እሱ ይቆጥባል፤ ቀሪውን 80 በመቶ ባንኩ ሸፍኖ ማሽኑን ይገዛለታል። ክፍያው እስኪጠናቀቅም የማሽኑ ባለቤት ባንኩ ነው። ስለዚህ አንድ ትራክተር ማሳ ላይ እስኪደርስ ማመልከቻው በቅርንጫፍ ይታያል፣ የአዋጭነት ጥናቱ ይገመገማል፣ ግዥው ይፈጸማል፣ ውል ይፈረማል፣ ኢንሹራንስ ይገባል፣ ማሽኑም በባንኩ ንብረትነት ይመዘገባል። እነዚህ ክፍሎች በደብዳቤ ብቻ የሚገናኙ ከሆነ ፋይሉ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ሌላው አያውቅም። በሰኔ ለእርሻ የተፈለገ ትራክተር በመስከረም ቢመጣ ወቅቱ አልፏል፤ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ግን ወቅትን አይጠብቅም። የተቀናጀ ሥርዓት ፋይሉ የት እንደቆመና ስንት ቀን እንደቆየ ለኃላፊውም ለቅርንጫፉም በግልጽ ያሳያል።

ሁለተኛው ጉዳይ የብድር ክትትል ነው። ባንኩ መነሻውን በ1901 ዓ.ም. ከተቋቋመው የእርሻና የንግድ ማስፋፊያ ድርጅት የሚቆጥር አንጋፋ ተቋም ነው። ይሁንና በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. አካባቢ ካበደረው ገንዘብ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው በወቅቱ የማይመለስ ሆኖበት ነበር። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በጋምቤላ በዝናብ ላይ ለተመሠረቱ ሰፋፊ እርሻዎች የተሰጠው ብድር ነው። በዚያ ጉዳይ ላይ በተደረገው ማጣራት የመሬት መደራረብና ብድርን ለታለመለት ዓላማ አለማዋል ጎልተው ታይተዋል።

እዚህ ላይ የሶፍትዌሩ አቅምም ገደቡም አብረው ይወጣሉ። የብድር መረጃው ከመሬት መዝገብ ጋር የተናበበ ቢሆን አንድ መሬት ለሁለት ተበዳሪ ሲቀርብ ሥርዓቱ ማስጠንቀቅ ይችላል። ማሳው ሳይመነጠር “ተመንጥሯል” የሚል ሪፖርት ከተጻፈለት ግን ሐሰቱን በፍጥነትና ባማረ ሠንጠረዥ ከማስተላለፍ ሌላ የሚያደርገው የለም። እንክርዳድ የዘራ ስንዴ አያጭድም። ስለዚህ የሶፍትዌሩ ወጪ ሲታሰብ ማሳ ድረስ ወርዶ የሚያረጋግጥ ባለሙያና የመስክ ተሽከርካሪም አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ ሥርዓቱ እስከ የት ይወርዳል የሚለው ነው። አነስተኛ ማሳ ያለው አርሶ አደር አብዛኛውን ጊዜ ልማት ባንክ ደጃፍ አይደርስም። ብድር የሚያገኘው ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትና ከገጠር የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ልማት ባንኩም የገጠር ፋይናንስ ፕሮግራምን በመሳሰሉ መንገዶች ለእነዚህ ተቋማት ገንዘብ ያቀርባል። ሶፍትዌሩ ባንኩ ቅርንጫፍ ላይ ካበቃ የአርሶ አደሩ ታሪክ በማኅበሩ ደብተር ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። አሥር ዓመት በታማኝነት ብድሩን የመለሰ ሰውም ከፍ ላለ ብድር ሲቀርብ እንደ አዲስ ይታያል።

ህንድ በዚህ ረገድ ከታች መጀመርን መርጣለች። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር የአገሪቱ መንግሥት 63 ሺህ የሚሆኑ የመጀመሪያ ደረጃ የግብርና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በአንድ የጋራ ኢአርፒ ሶፍትዌር ለማገናኘት ወደ 25 ቢሊዮን ሩፒ የሚጠጋ በጀት አጸደቀ። ሥራውን የሚያስተባብረው ናባርድ የተባለው የግብርናና የገጠር ልማት ባንክ ነው። ሶፍትዌሩ በአካባቢ ቋንቋዎች እንዲሠራ መታሰቡ ለእኛም ትምህርት ይሆናል፤ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ በማያውቀው ቋንቋ የተሠራ ሥርዓት ወደ ደብተሩ ይመልሰዋልና።

ጥንቃቄ የሚሻውም ነገር አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በማሻሻያ ሥራ ወቅት ተዛብቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣታቸው፣ የገንዘቡም መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ይታወሳል። ያ የኮር ባንኪንግ እንጂ የኢአርፒ ችግር አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም ይሠራል። አዲሱ ሥርዓት በጥቂት ቅርንጫፎች ተፈትኖ እስኪረጋጋ ድረስ ነባሩን አሠራር ማቆየትና መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ አማራጭ ማዘጋጀት ግድ ነው። “ሲስተም የለም” የሚለው ምላሽ ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ ለመጣ አርሶ አደር የአንድ ቀን ሥራና የመጓጓዣ ገንዘብ ያስከፍላል።

ተበዳሪውም መብቱን ማወቅ ይኖርበታል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንስሳትንና ማሽነሪን የመሳሰሉ ንብረቶች በዋስትና የሚያዙበትን መንገድ ከፍቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስህተት ካለበት የማሳረም መብት ይሰጠዋል። ማመልከቻ ያስገባ ሰው የመዝገብ ቁጥሩን መያዝ፣ የከፈለበትን ደረሰኝ ማስቀመጥና ጉዳዩ የደረሰበትን ደረጃ መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሥርዓት ሲተከል የሚመዘነው በተገዛበት ዋጋ ወይም በሠለጠነው ሠራተኛ ቁጥር ብቻ ሊሆን አይገባም። ማመልከቻ ከገባበት ቀን ማሽኑ ማሳ ላይ እስከደረሰበት ቀን ስንት ቀን ፈጀ? ያስ ጊዜ ከሥርዓቱ በፊት ከነበረው ምን ያህል አጠረ? ባንኩ ይህን ቁጥር በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት ለሕዝብ ቢያሳውቅ፣ አርሶ አደሩም የከተማው አምራችም የወጣው ገንዘብ ፍሬ ማፍራቱን ራሳቸው መመዘን ይችላሉ።