የኩላሊት ካንሰርን በሽንት መመርመር፦ ገና ነው



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር አለ። «ዶክተር፣ የኩላሊት ካንሰርን በሽንት ብቻ የሚያውቅ ምርመራ ተገኘ አሉ። እንመርመር ወይ?»

ወሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም። የኩላሊት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ድምፁን አጥፍቶ የሚያድግ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ስንነሳ በአጋጣሚ ነው። ለዚህም ነው በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ያሉ ተመራማሪዎች አኳፖሪን-1 እና ፔሪሊፒን-2 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን በሽንት ውስጥ መለካት የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ምርመራው ካንሰር ያለባቸውን ከሌለባቸው ከ90 በመቶ በላይ በትክክል ለይቷል።

«ታዲያ ምን ቀረ?» ትሉኝ ይሆናል።

አንደኛ፣ በጥናቱ ካንሰር እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቁት 19 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ፕሮቲኖቹ የሚጠቁሙት በብዛት የሚታዩትን ሁለት የኩላሊት ካንሰር ዓይነቶች እንጂ ሁሉንም አይደለም። «ነፃ ነህ» ቢባልም ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

ሦስተኛው ሂሳብ ነው። ለምሳሌ ምንም የማያማቸው 10,000 ሰዎች ይመርመሩ እንበል፤ ከነሱ ውስጥ ካንሰር ያለባቸው 10 ናቸው። ምርመራው ከጤነኞቹ 95 በመቶውን በትክክል «የለባችሁም» ቢል እንኳ፣ ወደ 500 የሚጠጉ ጤነኞች «ሳይኖርባችሁ አይቀርም» ይባላሉ። 500 ቤተሰብ እንቅልፍ ያጣል፣ ለሲቲ ስካን ብር ይበደራል። በኔ እምነት ይሄ ለጤነኛ ሰው የሚሸጥ ምርመራ አይደለም፤ ገና ብዙ ጥናት ይቀረዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በቅርቡ አንድ አባት መጡ። ሽንታቸው ቀልቶ ያውቃል፤ ሕመም የለው፣ በራሱ ቆመ። ሦስት ጊዜ «ኢንፌክሽን ነው» ተብለው መድኃኒት ወስደዋል። «ከቆመማ ምን ችግር አለው ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። አልትራሳውንድ ስናነሳቸው ኩላሊታቸው ላይ ትልቅ እጢ አገኘን።

እኚህ አባት አዲስ ፕሮቲን የሚለካ ማሽን አላስፈለጋቸውም። ሽንታቸው ራሱ ነግሯቸው ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም፣ እኛ ሐኪሞችም ጭምር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦

✅ ሽንታችሁ አንዴም ቢሆን ደም ከመሰለ፣ ባያምም፣ ቢቆምም ታዩ። «ቀይ ስር በልቼ ነው» ብላችሁ አትለፉት።
✅ መድኃኒት ታዞላችሁ ከሆነ፣ ስትጨርሱ ደሙ መጥፋቱን በሽንት ምርመራ አረጋግጡ። አልትራሳውንድ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።
✅ የምታጨሱ፣ የደም ግፊት ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባችሁ፣ በቤተሰብ የኩላሊት ካንሰር የነበረባችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

አባት እናታችሁን ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ አፍረው ሳይነግሯችሁ ቀርተው ይሆናል። ለሌሎችም ሼር አድርጉ።

መልካም ጤና!