ሁለት ልሳናት በአንድ ዘውድ ሥር

በቤይሩትም ሆነ በዱባይ፣ በሪያድም ሆነ በኩዌት በሰው ቤት ሠርተው የኖሩ እኅቶቻችን ከፊሊፒንስ ከመጡ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ማድ ቤት ተካፍለው፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ቅይጥ እየተግባቡ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ያች ባልደረባ ማታ ወደ እናቷ ስትደውል የምትናገረው ልሳን ታጋሎግ ያይደለ፣ በሉዞን ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ የሚነገረው ኢሎካኖ ሊሆን እንደሚችል ያስተዋልን ጥቂቶች ነን። በኒው ዮርክም ከኤኳዶር ወይም ከፔሩ ተራሮች ወርዶ በግንባታ ሥራ የሚተዳደረውን ጎረቤታችንን «ስፓኒሽ ነው» ብለን እናልፈዋለን እንጂ፣ በልጅነቱ እናቱ እሹሩሩ ያለችው በኬችዋ ይሁን አይሁን ጠይቀን አናውቅም። ስለ ገዛ ልሳናችን ዕድል በየማኅበሩ ስብሰባ የምንጨነቅ ሰዎች ስለ ሆንን፣ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ መመልከት ከጭንቀት ጥቂት ወደ ማስተዋል ያሸጋግረን እንደ ሆነ ብዬ ይህን ጽሕፈት ለወገኖቼ አቀርባለሁ።

በዘር ሐረግ አይገናኙም። ኬችዋ ከደቡብ ኮሎምቢያ አንሥቶ እስከ ሰሜን አርጀንቲና በአንዲስ ተራሮች የተዘረጋ፣ ሊቃውንቱም አንድ ልሳን ከመባል ይልቅ የልሳናት ቤተ ሰብ ሊባል ይገባዋል የሚሉት ነው፤ ኢሎካኖ ደግሞ ከማዳጋስካር እስከ ሃዋይ በውቅያኖስ ደሴቶች ከተበተነው ከአውስትሮኔዥያ ነገድ የተወለደ ነው። የተናጋሪዎቻቸው ቁጥር ግን ተቀራራቢ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸውን ወደ 8 ሚሊዮን ገደማ የሚያደርሱ ግምቶች አሉ። ከቁጥሩም በላይ የሚያቀራርባቸው የእስፓኝ ዘውድ ነው፤ አንዱ ንጉሥ በሊማም በማኒላም ይገዛ ስለ ነበር፣ ከ1565 እስከ 1815 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማኒላና በአካፑልኮ መካከል የሚመላለሱት መርከቦች ሐርና ብር ብቻ ሳይሆን መነኮሳትንም ያጓጕዙ ነበር።

መነኮሳቱም በየደረሱበት የያዙት ሥርዓት አንድ ነበር፤ አስቀድሞ ልሳኑን መማር፣ ቀጥሎ ሰዋስው መጻፍ፣ ከዚያም ትምህርተ ክርስቶስን መተርጐም። ዶሚኒካዊው መነኩሴ ዶሚንጎ ደ ሳንቶ ቶማስ የኬችዋን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1560 በቫያዶሊድ አሳተመ፤ በ1584ም የሊማው ጉባኤ ያዘጋጀው ትምህርተ ክርስቶስ በእስፓኝኛ፣ በኬችዋና በአይማራ ታትሞ በደቡብ አሜሪካ ምድር ከማተሚያ ቤት የወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆነ። በኢሎካኖ በኩል ፍራንሲስኮ ሎፔዝ የተባለው የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ በ1621 ትምህርተ ክርስቶስን፣ በ1627 ሰዋስውን አወጣ። በዚያው ዘመን ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው እስፓኛዊ ኢየሱሳዊ በዐፄ ሱስንዮስ ግቢ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ ይሰብክ እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ነገሩ ለእኛም ፍጹም ባዕድ አለመሆኑ ይገባናል፤ ልዩነቱ ፓኤዝ የመጣው የራሱ መጻሕፍትና ትርጓሜ ወዳለው ቤተ ክህነት፣ ያውም ያለ ጦር ሠራዊት መሆኑ ነው።

ስለ ሰዋስዋቸው የተናገርሁ እንደ ሆነ፣ አማርኛና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ጉዳይ ለመረዳት ከብዙ አውሮፓውያን ይልቅ የተዘጋጀ ነው። ኬችዋ እንደ አማርኛችን ግሡን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያሳርፋል፤ ኢሎካኖ ግን እንደ ግዕዝ ግሡን ያስቀድማል። ኬችዋ ቃሉን የሚያረባው በኋላ ቅጥያ ብቻ በመሆኑ፣ ሥሩ ከፊት ይቆምና ባለንብረቱም ብዛቱም ቦታውም እየተደራረበ በአንድ ረዥም ቃል ይጠቃለላል፤ ኢሎካኖ በአንጻሩ ከፊትም ከኋላም፣ አንዳንዴም ከሥሩ መካከል ይቀጥላል፤ መግዛትን ከሚያመለክተው ጋታንግ ከሚለው ሥር «ጉማታንግ» ሲል ገዢውን፣ «ጋታንገን» ሲል የሚገዛውን ዕቃ፣ «ኢጋታንጋን» ሲል የሚገዛለትን ሰው የነገሩ ራስ ያደርገዋል። የኩስኮ ኬችዋ ደግሞ ፈረንጆችን የሚያስቸግሩትን የእኛን «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» እና «ጰ» የመሰሉ ድምፆች አሉት፤ የእስፓኝ ካህናት በላቲን ፊደል ይህን ለመለየት ሲደክሙ የኖሩ ሲሆን፣ እኛ ግን ዳቦ የሚባለውን «ጣንታ» እንደ ሰማነው እንጽፈዋለን።

ያለ አንዳች ዝምድና የተገናኙበትም ነገር አለ፤ ይኸውም ሁለቱም ልሳናት «እኛ» የሚለውን ለሁለት መክፈላቸው ነው። በኩስኮ «ኞቃንቺስ» ያለ ሰው አድማጩን ጨምሮ ይናገራል፤ «ኞቃይኩ» ያለ ግን አድማጩን ከውጭ አስቀርቶታል፤ ኢሎካኖም እንደዚሁ «ዳታዮ» እና «ዳካሚ» ይላል፣ እንዲያውም ተናጋሪውንና አንድ አድማጩን ብቻ የሚይዝ «ዳታ» የሚል ሦስተኛ አለው። የማኅበር ሊቀ መንበር ተነሥቶ «እኛ ወስነናል» ባለ ጊዜ በውሳኔው ውስጥ መኖር አለመኖራችንን ከቃሉ እናውቀው ነበር ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስቀናኝ ግን የኬችዋ የምስክርነት ቅጥያ ነው፤ «ፓራሻንሚ» ያለ ዝናቡን ራሱ አይቷል፣ «ፓራሻንሲ» ያለ ከሌላ ሰምቷል፣ «ፓራሻንቻ» ያለ ሳይዘንብ አይቀርም ብሎ መገመቱ ነው። አማርኛም በዐረፍተ ነገር ጫፍ «አሉ» የምትል ትንሽ ቃል አለችው፤ ዳሩ ግን በእኛ ዘንድ ተናጋሪው ሲወድ ያስገባታል፣ ሲያሻው ይተዋታል፤ ስለ አገር ቤት የምንለዋወጠው ወሬም ብዙውን ጊዜ እርሷን ጥሎ የሚጓዝ ነው።

ስለ ፊደል ጥቂት ልጨምር። ኢሎካኖዎች ከታጋሎጎች ጋር የሚጋሩት ጥንታዊ ፊደል በጠባዩ ከፊደላችን ጋር ይመሳሰል ነበር፤ እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውን ከ«አ» ድምፅ ጋር ይዞ ይቆማል፣ ከላይ ወይም ከታች ነጥብ ሲደረግበት ድምፁ ይለወጣል፤ የጐደለው ሳድስ ነበር፣ ማለት አናባቢ የሌለውን ተነባቢ የሚያሳይ ምልክት አልነበረውም። ሎፔዝ በ1621 ያወጣውን መጽሐፍ በዚሁ ፊደል ሲያሳትም ከፊደሉ ሥር ትንሽ መስቀል ጨምሮ ይህን ጕድለት ሞላ፤ ፊደሉ ግን ውሎ አድሮ ለላቲን ቦታውን ለቀቀ። በኬችዋ በኩል ጠቡ የተነሣው ዘግይቶ ነው፤ በ1985 የፔሩ መንግሥት በሦስት አናባቢ ይጻፍ ብሎ ሲወስን፣ የኩስኮ አካዳሚ አምስት ካልሆነ ብሎ እንደ ተሟገተ አለ። ስለ ሞክሼ ሆሄያት የተከራከረ ሐበሻ በዚህ የሚስቅበት ምክንያት አይኖረውም።

ዘውዱም መነኮሳቱ ያከበሩትን ልሳን ኋላ ሊያጠፋ ተነሣ። ንጉሥ ካርሎስ ሣልሳይ በ1770 ባወጣው ዐዋጅ በአሜሪካም በፊሊፒንስም ያሉ የአገሬው ልሳናት ጠፍተው እስፓኝኛ ብቻ እንዲነገር አዘዘ። በ1780 ቱፓክ አማሩ በፔሩ ባመፀና በማግሥቱ ዓመት ከሚስቱ ከሚካኤላ ባስቲዳስ ጋር በኩስኮ አደባባይ በተገደለ ጊዜም ኬችዋን የሚነካ ቅጣት ተጨመረ። ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ ኢሎካኖው ዲዬጎ ሲላንግ ተመሳሳይ ዐመፅ አንሥቶ በሰው እጅ ሞቶ ነበር፤ ሚስቱ ጋብሪየላም ጦሩን ከመራች በኋላ በ1763 በቪጋን ተሰቀለች።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል፤ ለእኛም ዋናው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ኬችዋ የኢንካ ነገሥታት ልሳን የመባል ክብር ነበረው፣ በሊማው የሳን ማርኮስ ዩኒቨርሲቲም ወንበር ተተክሎለት ነበር፤ በ1975 ደግሞ ጄኔራል ቬላስኮ አልቫራዶ የፔሩ ይፋዊ የመንግሥት ልሳን መሆኑን በዐዋጅ አጸና። ይሁን እንጂ ከተራራው ወደ ሊማ የፈለሰው ሕዝብ ልጆቹን በእስፓኝኛ አሳደገ፤ ኬችዋ መናገር የገበሬነትና የድንቍርና ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለ ነበር፣ ወላጆች ለልጃቸው ካላቸው ፍቅር የተነሣ ልሳናቸውን ነፈጉት። በሳን ማርኮስ በኬችዋ ተጽፎ በኬችዋ የተመከተው የመጀመሪያው የዶክትሬት ድርሳን የሮክሳና ኪስፔ ኮያንቴስ ሲሆን፣ ዘመኑም 2019 ነው፤ ከዐዋጁ እስከዚያ 44 ዓመት አለፈ።

ኢሎካኖ ግን ግዛተ መንግሥት ኖሮት አያውቅም። አገሩ በባሕርና በተራራ መካከል የታጠረ ጠባብ ምድር በመሆኑ፣ ሕዝቡ ወደ ካጋያን ሸለቆ፣ ኋላም ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲሰደድ ኖረ። በዲሴምበር 1906 ለሸንኮራ እርሻ የተቀጠሩ 15 ሰዎች ሆኖሉሉ ደረሱ፤ እስከ 1946 ድረስ ከመቶ ሺህ በላይ ፊሊፒናውያን ተከተሏቸው፣ የሚበዙትም ኢሎካኖዎች ነበሩ። በ1934 በማኒላ የተመሠረተው ባናዋግ የተባለው መጽሔት ልብ ወለዱንና ግጥሙን ለሕዝቡ አቀረበ፤ በ1971 በሃዋይ የሚኖሩት ደራስያን የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲም በኢሎካኖ ልሳንና ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ይሰጣል። እውነቱን ላለመሸሸግ፣ የእነዚያ የመጀመሪያ ሠራተኞች የልጅ ልጆች አብዛኞቹ እንግሊዝኛና የደሴቲቱን ቅይጥ ልሳን ነው የሚናገሩት፤ ልሳኑን ያደሰው ከ1965 የአሜሪካ የፍልሰት ሕግ በኋላ የገባው አዲስ ሰው ነው። ያም አዲስ ሰው ጽፎ የሚያስነብብበት ማኅበር ቆየው። በአገር ቤት በ2012 የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች በእናት ልሳን እንዲማሩ የተደነገገው ግዴታ በ2024 በሕግ ሲነሣ፣ የኢሎካኖ ደራስያን ብዕራቸውን አላስቀመጡም።

ወደ ራሳችን ስመለስ፣ አማርኛ በዋሽንግተን ከተማ በ2004 በወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ልሳናት ተቈጥሯል፤ በእስራኤልም የመንግሥት ራዲዮ በአማርኛ ያሰማል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የሚያገለግሉት አማርኛውን ይዞ የመጣውን እንጂ በዚያ የተወለደውን አይደለም። ልጁ በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ይቈጥራል፣ መዝሙሩንም በግዕዝ ያዜማል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን በእጁ የሚገባለት ወይ የሕፃናት ሥዕል ያለበት «ሀ ሁ» ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ ፍቅር እስከ መቃብር ያለ፣ ያደገበትን ነገር አንድም የማያገኝበት ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ ባዶ ነው። ስለዚህ ለየማኅበሮቻችን የማቀርበው ልመና ጠባብ ነው፤ ለዓመት በዓል አዳራሽ ከምንከፍለው ገንዘብ ጥቂት ቀንሰን፣ በሲያትልም ሆነ በፍራንክፈርት ያደጉ ወጣቶች ስለ በረዶው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ እኛም ስለ ወላጆቻቸው በአማርኛ ለሚጽፉት አጭር ታሪክ ሽልማት እናቁም፣ የተጻፈውንም በየዓመቱ በመድበል እናሳትም። ዳኞቹም የሆሄ ግድፈት ያገኙ እንደ ሆነ አርመው ያሳትሙት እንጂ ለአባቱ አይንገሩበት።