የወንድ ልጅ ጥፍር ቀለም

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሀበሻ ከሃሎዊን በፊት ያለችውን ማክሰኞ ማታ በደንብ ያውቃታል። ዱፖንት ሰርክል አጠገብ ያለው 17ኛው ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። ዊግ የደፉ፣ ቀሚስ የለበሱ፣ ከንፈራቸውን የቀቡ ወንዶች በረጃጅም ታኮ ጫማ ተሰልፈው ይቆዩና ምልክት ሲሰጥ መሮጥ ይጀምራሉ። ሩጫው ከ1986 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበው ሕዝብ ከሯጩ ይበዛል። ሾፌሮቻችን የሚያማርሩት መንገዱ ስለተዘጋ ብቻ ነው። አንዱ ሯጭ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ቀሚሱን እየሰበሰበ ከኋላ ወንበር ሲገባ "የት ልውሰድዎት?" ይሉታል፤ ያደርሱታል፤ ቲፓቸውን ተቀብለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። በማግስቱ ሻይ ላይ ይነሳል፣ ይሳቃል፣ አበቃ።

ለእንግዳ ሰው ይህን ያህል ሆደ ሰፊ ነን። ሆዳችን የሚጠበው የገዛ ልጃችን ዐይኑን ተኩሎ ከክፍሉ የወጣ ቀን ነው። የፈረንጅ ልጅ ሲያደርገው ትርኢት፣ የእኛ ሲያደርገው ለቅሶ ይሆናል። የሃይማኖት ጉዳይ ነው እንዳንል መጽሐፉ ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ የዚያን የፈረንጅ ልጅ እናት ማንም አያውቃትም፤ የእኛን ልጅ እናት ግን ማኅበርተኛው፣ እድርተኛው፣ የኳስ ውድድር ላይ በየዓመቱ የሚያገኛት ሁሉ ያውቃታል። በዚህ ጉዳይ ስንነጋገር "እምነት" እና "ባህል" ቶሎ ይጠራሉ፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ከሥራቸው ያለው "ሰው ምን ይለኛል" ነው ባይ ነኝ።

ባለፈው ሰመር አንድ የምረቃ ድግስ ላይ ነበርኩ። ተመራቂው ሃይስኩል በጥሩ ነጥብ የጨረሰ፣ ሙሉ ሱፍ የለበሰ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ የሚል ልጅ ነው። ከሱፉ እጅጌ የወጡት ጣቶቹ ግን ጥፍራቸው ጥቁር ተቀብቷል። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጡት አያቱ ሊመርቁት እጁን ያዙና ዝም አሉ። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አጠለቁ።

"ውይ የኔ ልጅ! በር ነው የዘጋብህ?"

"አይ እማማ፣ ቀለም ነው።"

"ቀለም ነው? ታዲያ ይለቃላ።"

"አዎ፣ ይለቃል።"

"እንግዲያውስ ደኅና" አሉና እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። ከጀርባቸው የቆመችው እናቱ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። እሷ የምታየው ጥፍሩን አልነበረም፤ ማዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ነው። አልተሳሳተችም፤ በማግስቱ ወሬው ዳላስ ደርሷል።

"ይህ ባህላችን አይደለም" የሚለውን ያን ቀን ስንት ጊዜ ሰማሁ። የትኛው ባህላችን? አፄ ቴዎድሮስን በሥዕል የምናውቃቸው በሹሩባቸው ነው። አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ጀግና ጆሮውን ተበስቶ ጉትቻ ያንጠለጥል ነበር። የአፋር ጎበዝ ጸጉሩን ቅቤ ቀብቶ፣ ወገቡን ሸርጦ፣ ሱሪ የሚባል ሳያስፈልገው ይኖራል። የሐመር ወንድ ጸጉሩን በጭቃ አሠርቶ ላባ ይሰካበታል፤ ሌሊት እንዳይበላሽበትም ራሱን ትንሽ የእንጨት በርጩማ ላይ አሳርፎ ይተኛል፤ የትኛዋ ሙሽራ ናት ለጸጉሯ ይህን ያህል የምትቸገር? ካሮዎች ለጭፈራ ሲወጡ ፊታቸውንና ደረታቸውን በነጭ አፈር ይሥላሉ። ሙስሊም አባቶች ጢማቸውን በሂና ያቀላሉ፣ ዐይናቸውን ይኳላሉ። ዲያቆኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ፣ ጥልፉ የሚያበራ ልብስ ለብሶ ጸናጽል ሲይዝ እናቱ ከምእመናኑ መካከል ሆና በስልኳ ትቀርጸዋለች።

ይህን ዝርዝር ይዘው "ድሮም የእኛ ነበር፣ ነጭ ነው ያበላሸን" የሚሉ ወጣቶችም ገጥመውኛል። እነሱም አልገባቸውም። የገዳዩ ጉትቻ ሴት ለመምሰል የተደረገ አልነበረም፤ እንዲያውም ከወንድ ሁሉ በላይ ወንድ ነኝ ማለት ነበር። የቴዎድሮስ ሹሩባ ለማንም ሊፕስቲክ ጥብቅና አይቆምም። ከታሪኩ የሚገኘው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ወንድ የሚያሰኘው ጌጥ ከዘመን ዘመን፣ ከወንዝ ወንዝ ይለያያል፣ ማንም አዋጅ ሳያወጣ ይቀየራል። ዛሬ ሹሩባ የተሠራ ልጅ ከሲያትል ጎንደር ቢሄድ "ምነው ሴት መሰልክ" የሚሉት ሽማግሌ ሳሎናቸው ውስጥ የቴዎድሮስን ሥዕል ሰቅለው ይሆናል።

ደግሞስ የዘንድሮ ወንዶቻችን መቀባባት አያውቁም? ሙሽራው ለቪዲዮ ፊቱ እንዳያብለጨልጭ ፓውደር ይነካል። ዜና አንባቢው ሳይቀባ ካሜራ ፊት አይቀመጥም። ሽበታቸውን እየጠበቁ የሚያጠቁሩ አባቶችን ስም ልጥራ ብል ደግሞ ግማሹ እድር ያኮርፈኛል።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ይጠቀሳል። መጠቀስም አለበት፤ ለአማኝ ሰው እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ ጥቅስ አይደለም። ግን ጥቅሱ ወንዱን ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ሴቷንም የወንድ ልብስ እንዳትለብስ ይከለክላል፣ እንዲያውም የሚጀምረው በእሷ ነው። ሆስፒታል፣ ፓርኪንግ፣ መጋዘን የሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ በሱሪ ነው የሚውሉት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቀሚስ ይደርባሉ፤ በሱሪ መምጣትን የሚቆጡ ካህናትም አሁን ድረስ አሉ። ይሁንና ሴት ልጁን ጂንስ ለበስሽ ብሎ ሻንጣዋን በር ላይ ያስቀመጠ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። የጥቅሱን ግማሽ "የሴት ሱሪ ለሴት ተብሎ የተሰፋ ነው" ብለን ከኑሯችን ጋር አስታርቀነዋል። የቀረውን ግማሽ እንዴት እንደምንይዘው መምህራን ያስተምሩን፤ አስተምህሮ ይቀየር ማለት የእኔ ድርሻ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ልጅን ከቤት ማስወጣት ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደተገኘ ብቻ ነው።

"የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚለውም አባባል ብዙ አያስኬድም፤ ፈረንጁ ራሱ ሲጨቃጨቅበት የኖረ ነገር ነው። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ቀይ ታኮ ጫማ አድርጎ፣ ረጅም ዊግ ደፍቶ ነበር የሚነግሠው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሕፃንነታቸው፣ በ1884 የተነሡት ፎቶ አለ፤ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸው ወርዶ። የዚያን ዘመን ትንንሽ ወንዶች ልጆች እንደዚያ ነበር የሚለብሱት። በሌላ በኩል ዛሬ ሁሉ የሚፈቀድባት የምትመስለን ሳንፍራንሲስኮ በ1863 ባወጣችው ደንብ የሌላውን ጾታ ልብስ ለብሶ አደባባይ የወጣን ሰው ታስር ነበር። ደንቡ የተነሣው በ1974 ነው፤ እኛ ንጉሡን ባወረድንበት ዓመት። ናሽቪል ያላችሁ ደግሞ የቅርቡን ታውቃላችሁ፤ ቴነሲ በ2023 የተቃራኒ ጾታ ልብስ እየለበሱ የሚያቀርቧቸው ትርኢቶች በልጆች ፊት እንዳይታዩ የሚገድብ ሕግ አወጣች፣ የፌዴራል ዳኛ አገዱት፣ በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዳኛውን ውሳኔ ሻረው። ስለዚህ ልጁን "ፈረንጅ ሆንክ" ብሎ መሳደብ ራሱ ፈረንጁን አለማወቅ ነው።

ልጆቹ ግን ይህን ሁሉ ክርክር አይከታተሉም። እነሱ ያዩት ራፐሩ ያንግ ተግ በ2016 "ጄፈሪ" የሚለው ሥራው ሽፋን ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቀሚስ ለብሶ ቆሞ ነው። ኪድ ከዲ በ2021 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የአበባ ቀሚስ ለብሶ ሲዘፍን ነው። ሃሪ ስታይልስ በ2020 በቮግ መጽሔት ሽፋን ላይ በቀሚስ ወጥቶ ነው። የኮሪያ ዘፋኞችማ ያለ ሜካፕ አይታዩም፤ ሻኔል በ2018 ለወንዶች ብሎ የሠራውን ሜካፕ መጀመሪያ ገበያ ያወጣው እዚያው ኮሪያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላደገ የ15 ዓመት ልጅ ጥቁር ጥፍር የራፐርና የጊታር ተጫዋች ነገር ነው። አባቱ የሚያየው ሌላ፣ እሱ የሚያየው ሌላ። ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ስለሚያመሹ እንጂ ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቲክቶክ ላይ ሻሽ አስሮ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ደረቱ ላይ ትራስ ወትፎ የሀበሻ እናት የሚሆን ወጣት ሞልቷል፤ ጾም የያዙ ባልቴቶች ሳይቀሩ እየተቀባበሉ ያዩታል። የአገራችን ቲያትር ሲጀምርም አስናቀች ወርቁና የዘመኗ ጥቂት ሴቶች መድረክ እስኪወጡ ድረስ የሴቱን ቦታ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ለሳቅ ሲሆን ቀሚሱ አያስደነግጠንም ማለት ነው። የሚያስደነግጠን ልጁ ሳይስቅ የለበሰው ጊዜ ነው።

ያኔ ወላጅ በአፉ የማያወጣው ጥያቄ ይመጣል፤ "ልጄ እንዲያ ነው ማለት ነው?" መልሱ ልብሱ ላይ አይገኝም። ብዙው ፋሽን ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በፎቶው ራሱ ይስቅበታል። አንዳንዱ የመድረክ ሰው ነው። አንዳንዱ ደግሞ አዎ፣ ወንድ የሚወድ ነው፤ ወይም ወንድ ተብሎ መጠራቱ ራሱ የሚከብደው ነው። ግን እንዲህ ያለ ሰው ጢሙን አሳድጎ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ሚስት አግብቶ በመካከላችን እንደሚኖር የማያውቅ ካለ ማየት ያልፈለገ ሰው ነው። ጥፍር ቀለሙን ነጥቃችሁ ቆሻሻ ውስጥ ብትጥሉት የሚቀየረው እናንተ የምታዩት ነገር እንጂ ልጁ አይደለም። እሱ ከዚያ በኋላ ቀለሙን ትምህርት ቤት ሎከር ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከሌላውም ጉዳዩ ጋር አብሮ ይደብቀዋል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ይህ መደበቅ ይመስለኛል፤ ሰው ቢመታው፣ ቢያስፈራራው፣ ቢከፋው የሚነግረው ሰው ቤት ውስጥ የለውም።

ወላጅ ቆፍጠን ማለት ያለበት ወደ አገር ቤት በሚደረግ ጉዞ ላይ ነው። በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል፤ ስለ ኩልና ስለ ጥፍር ቀለም የሚለው የለም። መንገድ ላይ የሚደባደብ ጎረምሳ ግን አንቀጽ አያነብም። በ2023 ክረምት የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን እፈትሻለሁ ባለ ሰሞን የሰው ፎቶ እየለጠፉ "ይኸው እዩት" የሚሉ በዝተው ነበር፤ አንድ ፎቶ ምን እንደሚያመጣ ያን ጊዜ ታይቷል። በባሕረ ሰላጤውም በኩል ለሚያልፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኩዌት በ2007 ተቃራኒ ጾታን መምሰልን እስከ አንድ ዓመት በሚያሳስር ወንጀልነት ደንግጋ፣ ሕጉን የሻረው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቷ በ2022 ነው። በኤምሬትስ የሴት ልብስ ለብሶ ለሴቶች ብቻ ወደተለየ ቦታ የሚገባ ወንድ ይጠየቃል። ስለዚህ "እዚያ ስንደርስ ይህን አትቀባም" ማለት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን ግን ዘርዝራችሁ ንገሩት። "ታሳፍረኛለህ" እና "ይጎዱብኛል" የሚሉትን ልጅ ለይቶ ይሰማል።

ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ አስወጥቶ በር መዝጋት ደግሞ እዚህ አሜሪካ ውስጥ ወላጅን በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ "ልጄ ነው፣ የፈለግሁትን አደርጋለሁ" አይሠራም። ከ18 በላይ ቢሆንም የአዳር ብርዱ ያው ነው።

ዘመድና ጎረቤት የሆናችሁም ድርሻ አላችሁ፤ ወሬው ዳላስ በራሱ እግር አልሄደም። ልጁ ቤታችሁ ሲመጣ እንደ ወትሮው አጉርሱት፣ ዩኒቨርሲቲ የት እንደገባ ጠይቁት። ያያችሁት ነገር ካሳሰባችሁ ለእናቱ ከመደወላችሁ በፊት ለእሱ ደውሉለት። ቁጥሩ ከሌላችሁ ያው ከእናቱ መቀበላችሁ አይቀርም፤ ያኔ "ለምን ፈለግሽው?" ብትላችሁ "ስልኬን እንዲያስተካክልልኝ" በሉ፣ ሁላችንም ለዚያው ነው ልጆቹን የምንፈልጋቸው።