ጎረቤትን ከመክሰስ በፊት መብራቱን ሄዶ ማየት

በመናፍስት የማያምን፣ የመናፍስት ወሬ ሲነሳ ግን ጆሮውን የሚያቆም ሰው ታውቃላችሁ? ተምሯል፣ ሥራ ይዟል፣ «ጋኔን» ወይም «የሙት መንፈስ» ሲባል ይስቃል። ሌሊት ግን ካሜራና መቅጃ ይዘው በወና ቤት የሚዞሩትን «የመናፍስት አዳኞች» ዩቲዩብ ላይ ሲከታተል ያነጋል። እንዲህ ያለ ወጣት በመካከላችን ሲገኝ ወይ እንገሥጸዋለን ወይ እንጸልይለታለን፤ የሚጠይቀውን ግን ብዙ ጊዜ አንሰማውም። እኔ ግን ይህ ተጠራጣሪ ለእኛ ለአማኞች የሚያስታውሰን አንድ ነገር አለ እላለሁ። እርሱም ከመናገር በፊት ሄዶ ማየት ነው።

ነገሩን ወደ አገራችን ላምጣው። መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ለእንዲህ ያለ ወሬ የተመቹ ናቸው። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጉሙ ድንገት ይወርዳል፣ ቤት ከቤት ይራራቃል። በምሥራቅ ምድሩ ገደል ሆኖ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል፤ በመርሐ ቤቴ በኩል ደግሞ የጀማ ሸለቆ አለ። እንዲህ ባለ አገር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው በጨለማ ውስጥ ሩቅ መብራት ያያል። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ቦታ ይለውጣል። ያን ጊዜ አንዱ «ሰይጣን ነው» ይላል፤ ሌላው «ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ወጥቷል» ይላል።

ሄዶ የሚያይ ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኛል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚጠማዘዘው መንገድ የሚወርድ የጭነት መኪና በየኩርባው መብራቱ ብልጭ ይልና ይሰወራል። ማዶ የነደደ እሳት በጉም ውስጥ ሲታይ በአየር ላይ የቆመ ይመስላል። የጅብ ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው የባትሪ መብራት ሲያርፍበት ፍም ይመስላል። የበግና የላም ዓይንም እንዲሁ ያበራል፤ በግን ግን ቡዳ ነው ያለ ሰው የለም።

በሌላው ዓለምም ያው ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ማርፋ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ሰዎች በሌሊት ስለሚታዩ እንግዳ መብራቶች ለብዙ ዓመታት አውርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የፊዚክስ ተማሪዎች ወደ ቦታው ሄደው የሚያልፈውን መኪና ቆጠሩ፣ መብራቶቹንም በካሜራ ተከታተሉ። ያዩዋቸው መብራቶች ከሩቁ አውራ ጎዳና የሚመጡ የመኪና መብራቶች ሆነው ተገኙ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቪክ ታንዲ የሚባል መሐንዲስ ነበረ። ሌሊት በቤተ ሙከራ ሲሠራ ፍርሃትና ብርድ ይሰማው ነበር፤ አንድ ቀንም በዓይኑ ዳር ግራጫ ጥላ አየ። በማግስቱ በማሰሪያ ያጠበቀው የስፖርት ሰይፍ ማንም ሳይነካው ሲንቀጠቀጥ አገኘ። ሳይሸሽ መረመረ። አዲስ የተተከለ የአየር ማራገቢያ ጆሮ የማይሰማው በሰከንድ 19 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ያወጣ ነበር። ማራገቢያው ሲስተካከል ጥላው ጠፋ። እርሱም ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 ጽፎ አሳተመ።

ሁሉም ነገር መልስ አግኝቷል ማለቴ አይደለም። በኖርዌይ በሄስዳለን ሸለቆ የሚታዩትን መብራቶች ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመሣሪያ ይከታተላሉ፤ ሁሉንም የሚያስረዳ አንድ መልስ ግን ገና የለም። በእኛም አገር በጥር 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሚያበራ ነገር ሲያልፍ ታይቶ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጠፈር ፍርስራሽ ወይም የሜትዮር አለት ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። «ሊሆን ይችላል» ማለትን ልብ በሉ። እውነተኛ መርማሪ የሚያውቀውን ያህል ይናገራል፤ «ገና አልታወቀም» የሚለውን ቃል «መንፈስ ነው» ብሎ አይተረጉመውም።

«ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቀናል? አንዱ መኪና ቢል፣ ሌላው ጋኔን ቢል ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ይጎዳል፤ ምክንያቱም በአገራችን መብራቱ ሰይጣን ተብሎ ብቻ አይቀርም። የሰው ስም ይወጣለታል። ያም ስም አብዛኛውን ጊዜ የባለ እጁ ስም ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ሰው ለብዙ ትውልድ «ቡዳ» ተብሏል። ማረሻውን ከእጁ ይቀበላሉ፤ ልጁን ግን አያገቡም። እንስራዋን ይገዛሉ፤ ዓይኗን ግን ይሸሻሉ። ከሰሜን ሸዋ ወጥተው አዲስ አበባ ቀጨኔ የሰፈሩ ባለ እጆች ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ቀላል ስላልነበረ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ሹክሹክታው ግን አልቆመም።

ቅዱሳን ሆይ፣ እስቲ ቃሉን አስቡ። እግዚአብሔር በመንፈሱ እንደሞላው ከተጻፈላቸው ሰዎች አንዱ ባስልኤል ነው፤ የተሞላውም በወርቅ፣ በብር፣ በናስና በእንጨት እንዲሠራ ነበር (ዘጸአት 31)። የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን የናቁት የእጅ ሙያተኛ መሆኑን ጠቅሰው ነው (ማርቆስ 6)። የባለ እጅን ዓይን የሚፈራ ክርስቲያን ጌታው ምን ይሠራ እንደነበር ረስቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በገጠር ሰው ሲታመም «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በሽተኛውም ሲለፈልፍ ስም ይጠራል። እኛ ይህን «ባዕድ አምልኮ ነው» እንላለን። ነገር ግን በአንዳንድ የነጻ ማውጣት አገልግሎታችን መንፈሱን «ማን ላከህ?» ብለን ማይክ እናስጠጋለታለን። እርሱም «አክስቷ ናት»፣ «ጎረቤቷ ነው» ይላል። ጉባኤው እልል ይላል፤ ያቺ አክስት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰብ የላትም። ይህ ከመንደሩ ልማድ በምን ተለየ? ጌታ ዲያብሎስን ሐሰተኛና የሐሰት አባት ብሎታል (ዮሐንስ 8፥44)። ሐሰተኛ ነው ብለን ያስወጣነውን፣ በምስክርነቱ ሰው እንዴት እንኮንናለን?

ጌታ ኢየሱስ አጋንንትን ዝም ያሰኝ ነበር፤ እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም (ማርቆስ 1፥34)። በጌርጌሴኖን የመንፈሱን ስም ጠየቀ እንጂ ከመንደሩ ማን እንደላከው አልጠየቀም። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያቺ አገልጋይ የተናገረችው እውነት ሆኖ ሳለ እንኳ መንፈሱን አስወጣው እንጂ ምስክር አላደረገውም (ሐዋርያት ሥራ 16)። እኛ በክፉ መንፈስ መኖር እናምናለን፤ በክርስቶስ ስም እንደሚወጣም እናምናለን። ስለምናምን ደግሞ ከማያምነው ይልቅ ልንጠነቀቅ ይገባናል። ተጠራጣሪው ቢሳሳት መብራቱን በስህተት ይሰይማል። እኛ ብንሳሳት ግን በሰው ላይ በሐሰት እንመሰክራለን፤ ይህም ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን መጣስ ነው። ሙሴ በሕጉ አንድ ምስክር እንደማይበቃ፣ ፈራጆችም አጥብቀው እንዲመረምሩ አዝዟል (ዘዳግም 19)። ዮሐንስም መንፈስን ሁሉ ከማመን ይልቅ እንድንመረምር ይነግረናል (1ኛ ዮሐንስ 4፥1)። ታዲያ መመርመር የማያምን ሰው ጠባይ ብቻ ነው ያለን ማን ነው?

ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው በዚህ ተፈትነዋል። በባሕሩ ላይ በሌሊት የሚመጣውን አይተው ምትሃት መስሏቸው ጮኹ፤ የመጣው ግን ጌታ ነበር (ማቴዎስ 14)። ከትንሣኤው በኋላም መንፈስ ያዩ መሰላቸው። ጌታ እጁንና እግሩን አሳያቸው፣ እንዲዳስሱት ጋበዛቸው፣ በፊታቸውም የተጠበሰ ዓሣ በላ (ሉቃስ 24)። እምነታችን የቆመው በተመረመረ ትንሣኤ ላይ እንጂ በጨለማ በታየ ጥላ ላይ አይደለም።

ለተጠራጣሪው ወንድሜና እኅቴም ሁለት ቃል አለኝ። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው። መብራት ለመመርመር መሄድ አንድ ነገር ነው፤ በጨለማ ቤት ቆሞ መቅጃ ከፍቶ ሙታንን መጥራት ሌላ ነገር ነው። ለጨዋታ ነው ብትልም ቃሉ ይህን በግልጽ ይከለክላል (ዘዳግም 18፥10-12)። ሳኦል በዓይንዶር ያንን በር ያንኳኳው ከእግዚአብሔር መልስ ባጣበት ሰዓት ነበር፤ የተመለሰውም መጽናናት አግኝቶ አይደለም።

ሁለተኛው ግብዣ ነው። ሙሴ በምድረ በዳ በጎች ሲጠብቅ እንግዳ እሳት አየ፤ ቁጥቋጦው ይነድዳል፣ ግን አይቃጠልም። ሙሴ አልሸሸም፤ ወዲያውም አልሰገደም። ለምን እንደማይቃጠል ለማየት ከመንገዱ ዘወር አለ። እግዚአብሔር የጠራው ሊያይ ዘወር ማለቱን ባየ ጊዜ እንደሆነ ተጽፏል (ዘጸአት 3፥4)። ስለዚህ ያንን የመጠየቅ ልብ የሰጠህን አምላክ አትፍራው። ጋኔን የለም ብለህ ብቻ ጥያቄህን አትዝጋ፤ መቃብሩ ለምን ባዶ እንደሆነም በዚያው ጥንካሬ መርምር።

እኛ አማኞች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። በሌሊት መብራት ስናይ ማዶ ተሻግረን እንጠይቅ። ስም ሲጠራ ስንሰማ አንቀበል፣ አናሳልፍ። ለታመመው በጌታ ስም እንጸልይ፤ መንፈሱንም ዝም እናሰኘው። ቡዳ ወደተባለው ሰው ቤትም እንሂድ፤ ከማዕዱ እንቁረስ፣ ልጁንም በስሙ እንጥራው። በመንደሩ ያለው ፍርሃት ከብዙ ስብከት ይልቅ በዚያ ማዕድ ይሰበራል።

ጌታ ለሁላችን የሚመረምር ልብና የሚያከብር አንደበት ይስጠን። ተባረኩ።